ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ጎማ ሲያልቅ በዓይን ይታያል። ባትሪ ሲደክም በመሣሪያ ይለካል። የፍሬን ሸራም ጎማው ተፈትቶ ይታያል። የፍሪሲዮን ሸራ ግን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ተዘግቶ የተቀመጠ ስለሆነ ካምቢዮው ሳይወርድ ማንም አያየውም። መካኒኩ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ሲላችሁ፣ ልምዱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ የሚነግራችሁ ያየውን ሳይሆን ከውጭ ምልክት ተነስቶ የገመተውን ነው። ግምቱ ልክ መሆን አለመሆኑን የምታውቁት ደግሞ ካምቢዮው መሬት ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ያኔ የማውረጃውና የመስቀያው የእጅ ዋጋ ተቆጥሯል፤ መኪናው ከጋራዡ በራሱ ጎማ አይወጣም፤ ሌላ ሰው ልጠይቅ ብትሉም ረፍዷል።

ስለዚህ ሁለተኛ መካኒክ የሚጠየቅበት ትክክለኛ ሰዓት አንድ ነው፦ ከመጀመሪያው «ይውረድ» በኋላ፣ ከመጀመሪያው ብሎን መፈታት በፊት። በዚያች ክፍተት ውስጥ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ምርመራ ብዙ ሺህ ብር ሊያድን ይችላል። ባያድን እንኳ ገንዘባችሁን የምታወጡት አውቃችሁት ይሆናል።

ወጪው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ አብሮት ወጣ። በዚያው ዓመት ጥር ወር መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቆ ነበር። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም፤ በእጃችን ያሉት ኮሮላዎች፣ ያሪሶች፣ ሃይሉክሶችና ሚኒባሶች ግን ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ መሥራታቸው አይቀርም። ፍሪሲዮናቸውም ደጋግሞ ያልቃል፤ አልቋል የሚባልበት ጊዜም ይበዛል።

ምርመራውን ለመከታተል የአሠራሩን ዋና ነገር ማወቅ ይበቃል። ሁለት መዳፎቻችሁን አጋጥማችሁ ጫን ብትሉና አንዱን ብታዞሩ ሌላው አብሮት ይዞራል፤ ጫናውን ስትቀንሱ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ፍሪሲዮንም እንዲሁ ነው። በሞተሩ ጀርባ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት ከሞተሩ ጋር ይዞራል። ከእሱ ፊት ለፊት በሁለቱም በኩል ሸራ የለበሰ ዲስክ አለ፤ ይህ ዲስክ ወደ ካምቢዮው በሚገባው ዘንግ ላይ የተሰካ ነው። ከዲስኩ ኋላ ፕሬዠር ፕሌት የሚባለው ክፍል በጠንካራ ሞላ ዲስኩን ቮላኖው ላይ ተጭኖ ይይዘዋል። ፔዳሉን ስትረግጡ አንድ ኩሽኔታ ሞላውን ገፍቶ ጫናውን ያነሳል፤ ዲስኩ ነጻ ይሆናል፤ ማርሽ መቀየር ይቻላል። እግራችሁን ስታነሱ ጫናው ይመለሳል።

ከፔዳሉ እስከ ኩሽኔታው ያለው መንገድ ግን በአብዛኛው ውጭ ነው። በአንዳንድ ትንንሽና አሮጌ መኪኖች መንገዱ ካቦ ነው፤ በብዙዎቹ ደግሞ ዘይት ነው። ከፔዳሉ በላይ ያለው ፓምፕ ዘይቱን በቱቦ ይገፋዋል፣ ካምቢዮው አጠገብ ያለው የታችኛው ፓምፕ ተቀብሎ ኩሽኔታውን የሚያንቀሳቅሰውን ሹካ ይገፋል። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ብልሽት አለ ማለት ነው። አንዱ ውስጥ ነው፤ ካምቢዮ ካልወረደ አይደረስበትም፣ ውድ ነው። ሌላው ውጭ ነው፤ የፓምፕ ጎማ (ጎሚኒ)፣ ካቦ፣ ዘይት ወይም ማስተካከያ ነው፣ ርካሽ ነው። የሚያሳስበው ነገር ሁለቱም ለአሽከርካሪው በአንድ ዓይነት ምልክት መታየታቸው ነው።

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው «ማርሽ አልገባም አለ» በሚባለው ምልክት ላይ ነው። በተለይ ጠዋት፣ በተለይ የኋላ ማርሽ፣ እየጮኸ ወይም እየታገለ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፍሪሲዮን ነው» የሚል ነው፤ እውነት ነው፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም። ሸራ ማለቁን ግን አያረጋግጥም። እንዲያውም ያለቀ ሸራ የተለመደ ጠባዩ መንሸራተት እንጂ አልለቅም ማለት አይደለም። አልለቅም የሚል ፍሪሲዮን ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከፔዳል እስከ ሹካ ያለው የውጭ መንገድ ነው።

ይህን ማንም ባለመኪና ራሱ ሊፈትሽ ይችላል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ ሁሉንም ማርሾች አንድ በአንድ አስገቡ። ሞተሩ ጠፍቶ በቀላሉ የሚገቡ ከሆነ፣ ሲነሳ ግን እምቢ ካሉ፣ የማርሽ ዘንጉና ካምቢዮው ሳይሆን ፍሪሲዮኑ አለመልቀቁ ነው ችግሩ። ሞተሩ ጠፍቶም ከባድ ከሆነ ነገሩ ወደ ማርሽ ማስገቢያው ወይም ወደ ካምቢዮው ያመራል፤ ፍሪሲዮን ቢቀየርም አይፈታም። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስታችሁ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረግጣችሁ ማርሹን ሞክሩ። በአንድ ረገጣ ያልገባው በሦስተኛው ከገባ፣ ዘይቱ ውስጥ አየር አለ ወይም ከፓምፖቹ የአንዱ ጎሚኒ ደክሟል። በአብዛኞቹ መኪኖች ለዚህ ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም። የፓምፕ ጎሚኒ ይቀየራል ወይም ፓምፑ በሙሉ ይቀየራል፣ አየሩ ይወጣል፣ በቃ።

የዘይቱን ዕቃም ክፈቱና እዩት። በብዙ መኪኖች ፍሪሲዮኑ ከፍሬኑ ጋር አንድ ዓይነት ዘይት ይጠቀማል፤ ክዳኑ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ ተጽፏል። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። ከፔዳሉ በላይ፣ የፓምፑ ዘንግ በሚገባበት በኩል እጃችሁን ልካችሁ ርጥበት ፈልጉ። መካኒኩ ደግሞ የታችኛውን ፓምፕ መሸፈኛ ጎማ ገለጥ አድርጎ ይመልከት፤ ውስጡ ዘይት ካለ መልሱ ተገኝቷል። ሲጎድል የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት የጨመረ ሰው ካለ ደግሞ ለመካኒኩ ንገሩት፤ ማዕድናዊ ዘይት የእነዚህን ፓምፖች ጎማ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይበላሻል። የወለል ምንጣፍም አይናቅ። ወፍራም ምንጣፍ በሌላ ምንጣፍ ላይ ሲደረብ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ አይወርድም፤ ማርሽም ይጮኻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች የታችኛው ፓምፕ ከኩሽኔታው ጋር አንድ ሆኖ ካምቢዮው ቤት ውስጥ ነው የተቀመጠው። እንዲህ ዓይነት መኪና ካላችሁ ፓምፑ ሲያፈስ ካምቢዮ መውረዱ የግድ ነው፤ መካኒኩ እያጋነነ አይደለም። ከውጭ ያለው ሁሉ ተፈትሾ ደህና ከሆነም የታጠፈ ዲስክ ወይም የተነቃነቀ ሹካ ሊኖር ስለሚችል ማውረድ ምክንያት አለው። ከውጭ ያለው ሳይፈተሽ ውስጡ ሲከፈት ግን ባለመኪናው መቃወም አለበት።

መንሸራተት ሌላ ነው፤ ከባድ ምልክት ነው። ነዳጅ ስትሰጡ የሞተሩ ዙር ይወጣል፣ ድምፁ ይጨምራል፣ መኪናው ግን በዚያው ልክ አይፈጥንም። ዳገት ላይ ይብሳል፤ የሚቃጠል ነገር ሽታም ይመጣል። ይህን ለማረጋገጥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ባዶና ሜዳ መንገድ ላይ በ40 ወይም በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ነዳጁን በደንብ ስጡ። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ቀስ እያሉ ከወጡ ፍሪሲዮኑ ይዟል። ዙሩ ብቻውን ዘሎ ከወጣ ይንሸራተታል። ብዙ መካኒኮች የሚጠቀሙበት ሌላም መንገድ አለ፦ ሰፊ ቦታ ላይ ከፊት ሰው ሳይኖር የእጅ ፍሬን ይዞ፣ እግር ፍሬን ረግጦ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ መሥራቱን ከቀጠለ ሸራው በጣም አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ቢጠፋ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ይህ ፍተሻ የሚይዘው የባሰበትን ብቻ ነው። ደጋግማችሁ አታድርጉት፤ በየሙከራው ሸራው ይግላል።

በኛ አገር ከመንሸራተት ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ቆሞ ያጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ መኪናው ሊያቃስት ይችላል፤ የአየር ማጣሪያው ቢቆሽሽ ወይም ካንዴላው ቢደክም ደግሞ ይብሳል። ልዩነቱ ዙሩ ላይ ነው። ድካሙ የሞተር ከሆነ ዙሩም አይወጣም፣ ፍጥነቱም አይወጣም። የፍሪሲዮን ከሆነ ዙሩ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ይቀራል። «ዳገት አልወጣም አለኝ» ብላችሁ ብቻ ጋራዥ ብትገቡ ለሁለቱም የሚሆን አረፍተ ነገር ነው የሰጣችሁት።

መንሸራተቱ ቢረጋገጥም እንኳ ሁለት ጥያቄ ይቀራል። አንደኛው ማስተካከያው ነው። ፔዳሉ ላይ ጫና ሳይጀምር በባዶ የሚሄድ ትንሽ ርቀት መኖር አለበት፤ በብዙ የቶዮታ መኪኖች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ካቦው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ይህ ርቀት ከጠፋ፣ ያላለቀ ሸራ ይንሸራተታል፤ ለዚህ መፍቻ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው ዘይት ነው። የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል ወይም የካምቢዮው የፊት ኦይል ሲል ካፈሰሰ ሸራው በዘይት ይርሳል። እንዲህ ሲሆን ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም፤ ግን ኦይል ሲሉ ሳይቀየር አዲስ ሸራ ቢገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁሉም ይደገማል። ሁለተኛው መካኒክ ከመኪናው በታች ገብቶ ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት በኩል ዘይት መኖሩን ቢያይላችሁ ለዚህ ብቻ ክፍያው ይገባዋል።

ስለ ድምፅ ባጭሩ፦ ማርሽ ሳይገባ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፔዳሉን ስትረግጡ የሚጀምር ጩኸት በአብዛኛው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ የሚጠፋና ስትለቁ የሚመለስ ከሆነ ግን የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ይህ የካምቢዮ ሥራ ስለሆነ ፍሪሲዮን መቀየር አይፈታውም። ስትነሱ መኪናው ቢንቀጠቀጥ ደግሞ ሸራው ላይ ዘይት ሊኖር ይችላል፤ ግን ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ሲሰነጠቁም ልክ እንዲሁ ይንቀጠቀጣል፤ ጎማዎቹ ከላይ ይታያሉ።

ምልክቱ ይህን ያህል የተለያየ ሆኖ ሳለ ለምን መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ይሆናል? ሁሉንም መካኒክ አጭበርባሪ ነው ብሎ መክሰስ ስህተት ነው፤ ፍትሐዊም አይደለም። ዋናው ምክንያት የክፍያው ሥርዓት ይመስለኛል። በብዙ የሰፈር ጋራዦች ለማየት አይከፈልም፤ የሚከፈለው ለመሥራት ነው። መካኒኩ አንድ ሰዓት ኮፈን ከፍቶ፣ ነድቶ፣ ከታች ገብቶ «ጎሚኒ ነው» ቢላችሁ የሚያገኘው ትንሽ ነው። «ይውረድ» ቢላችሁ የቀን ሥራ አለው። ምርመራውን በነጻ እየጠየቅን ጥሩ ምርመራ መጠበቃችን እኛ ላይ ያለ ጥፋት ነው። ሁለተኛ ምክንያትም አለ፤ ይህኛው ለመካኒኩ የሚመሰክር ነው። ካምቢዮ ከወረደ ዲስኩን፣ ፕሬዠር ፕሌቱንና ኩሽኔታውን በአንድ ላይ መቀየር ትክክለኛ ምክር ነው። የእጁ ዋጋ አንድ ስለሆነ፣ ነገ ለኩሽኔታ ብቻ ብሎ ዳግም ማውረድ ኪሳራ ነው። «ሙሉ ኪት ግዙ» ስትባሉ የሚያስጠይቀው የኪቱ ሙሉነት ሳይሆን ካምቢዮው መውረድ የነበረበት መሆን አለመሆኑ ነው።

እንግዲህ ሁለተኛውን ሰው እንዴት እንጠይቅ? ብዙዎች የሚያደርጉት ለሚያውቁት ሾፌር ስልክ ደውለው «ፍሪሲዮን አልቋል አሉኝ፣ ስንት ይፈጃል?» ማለት ነው። ይህ ዋጋ መጠየቅ እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ጥያቄው መልሱን አስቀድሞ ተቀብሏል። መኪናውን ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው መካኒክ ያለውን አትናገሩ፤ ምልክቱን ብቻ ተናገሩ። «አልቋል ተባልኩ» ያላችሁት መካኒክ ወይ ይስማማል ወይም ሥራውን ለመውሰድ ሲል ይቃወማል፤ በሁለቱም መኪናውን ሳያየው ነው የወሰነው። መቼ እንደጀመረ፣ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ በየትኛው ማርሽ፣ ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ፣ በቅርቡ ምን ተሠርቶለታል የሚለውን ቀድማችሁ በስልካችሁ ጻፉት። ጠዋት ብቻ የሚታይ ችግር ከሆነ መኪናውን አሳድራችሁለት ጠዋት እንዲያስነሳው አድርጉ፤ ከሰዓት በኋላ ሞቆ የሚመጣ መኪና ምንም ላያሳይ ይችላል።

አነጋገሩም ቀላል ነው። «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት የኋላ ማርሽ እየጮኸ ነው የሚገባው። እስቲ ነድተው ይዩልኝ። ዛሬ አላሠራም፣ ለማየትዎ ግን እከፍላለሁ።» የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ሁሉን ነገር ትለውጣለች። ሥራው የእሱ እንደማይሆን ያወቀ፣ ለጊዜው ግን የተከፈለው ሰው፣ እውነቱን ከመናገር የሚከለክለው ነገር የለም። ከቻላችሁ የመኪናችሁን ዓይነት ዘወትር የሚሠራ ሰው ፈልጉ። ሚኒባስ ተራ አካባቢ የሚሠሩ መካኒኮች ስለ ሚኒባስ ፍሪሲዮን የሚያውቁትን ያህል የትልቅ ጋራዥ ባለሙያ ላያውቅ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን ቆመው ተሳፋሪ ሲጭኑ የሚውሉ መኪኖች ናቸው አስተማሪዎቻቸው።

ለመጀመሪያውም መካኒክ ክብሩን ጠብቁለት። «ትንሽ ልማከርበትና እመለሳለሁ፤ እስከዚያ እንዳታወርደው» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ለዓመታት መኪናችሁን ያየ የሰፈር መካኒክ ከሆነ በተለይ ግንኙነቱ ዋጋ አለው። ሴት አሽከርካሪዎች ወንድም ወይም ባል ይዘው ካልሄዱ የሚሰማቸው እንደሌለ ሲያማርሩ እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሄደው ወንድ ስለ ፍሪሲዮን የሚያውቀው ከእነሱ የበለጠ አይደለም። ሞተር ጠፍቶ ማርሽ እንደሚገባ፣ ሲነሳ እንደማይገባ፣ ፔዳል ሲደጋገም እንደሚገባ ለይታ የምትናገር ሴት ጋራዥ ውስጥ በቀላሉ አትታለፍም።

ሁለቱንም መካኒኮች የምትጠይቋቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው «ምን አይተህ ነው?» ነው። «በልምድ አውቀዋለሁ» መልስ አይደለም። «አራተኛ ላይ ዙሩ ዘለለ፣ ከታችም ዘይት የለም፣ ማስተካከያውም ልክ ነው» መልስ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው፣ «ወርዶ ሸራው ደህና ሆኖ ቢገኝ ስንት እከፍላለሁ?» የሚለው ነው። በግምቱ የሚተማመን ሰው ይህን ጥያቄ አይፈራም፤ «የእጅ ግማሹን ብቻ» ወይም «ሙሉ ነው፣ ግን እርግጠኛ ነኝ» ይላችኋል። የተቆጣ ወይም ያድበሰበሰ ከሆነ ካምቢዮውን ለሱ አታውርዱ። ሁለቱ ከተለያዩ ደግሞ ሦስተኛ ፈልጎ በድምፅ ብልጫ መወሰን አያስፈልግም። የሞከረውንና ያሳያችሁን እመኑ፤ ርካሹን የውጭ ጥገና አስቀድሙ። የጎሚኒ ለውጥ ባይፈታው የጠፋው ትንሽ ነው፣ ውጤቱም ጥርጣሬን ይቀንሳል።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ስላማረጠ ወይም ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድ መብት እንዳለው አስፍሯል። ጋራዥ ውስጥ አዋጅ መጥቀስ አያስፈልግም፤ መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ማወቅ ይበቃል።

ሁለተኛ አስተያየት ለመስማት መዘግየት የሌለበት ጊዜም አለ። ፔዳሉ ወለል ላይ ወድቆ ከቀረ መኪናውን አትንዱት። በብዙ መኪኖች የፍሪሲዮኑ ዘይት ከፍሬኑ ዕቃ ነው የሚወሰደው፤ አንዱ ሲያፈስ ለሌላውም ያሰጋል። በግልጽ የሚንሸራተት መኪናም ለሳምንታት አይነዳም፤ ሙቀቱ ቮላኖውን ያበላሸዋል፣ ጥገናው ይጨምራል። በተለይ ጭኖ ከጎሃ ፅዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ለመሻገር እንዲህ ባለ ፍሪሲዮን መነሳት በራስም በሌላውም ሕይወት መጫወት ነው። ሁለተኛውን አስተያየት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጨርሱት። አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ በቀጥታ አይመለከታችሁም። የእናንተ ካምቢዮ ውስጥ ያሉት ሸራዎች ሌላ ሥራ ናቸው፤ «ፍሪሲዮን አልቋል» ስትባሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ የሚሠራ ሰው ፈልጉ፤ ከሁሉ በፊትም የካምቢዮው ዘይት ዓይነትና መጠን ይታይ።

ካምቢዮው ቀድሞ ወርዶ ብታገኙትስ? አሁንም መሄድ ይጠቅማል፤ ማስረጃው ጠረጴዛው ላይ ነው። ራሳችሁ ተገኙ፣ ከቻላችሁ ሁለተኛውን መካኒክ ይዛችሁ። ዲስኩን ያዙትና ሸራውን የያዙትን ሪቬቶች ራስ እዩ፤ ከሸራው ገጽ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደጠለቁ ይለካል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች 0.3 ሚሊ ሜትር የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ይቀየራል። ሸራው በዘይት ከረጠበ ጥቁር መልክና የዘይት ሽታ አለው። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለ በሙቀት ተቃጥሏል፤ ስንጥቅ ካለ ይጣላል፣ ከሌለ ብዙውን ጊዜ ቶርኖ ቤት ተላግቶ ይስተካከላል። በአንዳንድ የአውሮፓና የናፍጣ መኪኖች ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ግን እንደ ተራው አይላግም፤ ዋጋውም ከኪቱ ሊበልጥ ስለሚችል የመበላሸቱ ማስረጃ በግልጽ ይታያችሁ። የሞላውን ጣቶች ጫፍ እዩ፤ ኩሽኔታው የነካበት ቦታ ተበልቶ ቀጥኖ ከሆነ ፕሬዠር ፕሌቱም ዕድሜው አልፏል። ሁሉንም ፎቶ አንሱ፤ አሮጌውን ዕቃ ውሰዱ።

ዕቃ ስትገዙ ቸኩላችሁ አትግዙ። ሶማሌ ተራም ሆነ መርካቶ ከአንድ በላይ ሱቅ ጠይቁ፤ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ሞዴል የተለያየ መጠን ያለው ዲስክ ሊኖረው ይችላል። የታወቁት አምራቾች የአይሲን ወይም የኤክሰዲ ስም ያለበት ካርቶን ብቻ ዕቃውን ኦሪጅናል አያደርገውም፤ የካርቶኑን ጽሑፍ ዲስኩ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አመሳክሩ። ሳልቫታዮ ፕሬዠር ፕሌት ከጥሩ መኪና የወጣ ከሆነ ሊያገለግል ይችላል፤ ያገለገለ ኩሽኔታ ግን በምንም ዋጋ አትግዙ፤ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ሆኖ ሳለ ሲበላሽ ካምቢዮውን ዳግም የሚያስወርደው እሱ ነው። ካምቢዮው ወርዶ እያለ የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲልም ይቀየር፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ በሌላ ጊዜ ለመድረስ ግን ያው ሁሉ ሥራ ይጠይቃል።

ሁለተኛው መካኒክ የመጀመሪያውን ካረጋገጠላችሁ ደግሞ ሥራውን ለመጀመሪያው መልሱለት። በትክክል የመረመረላችሁ እሱ ነው። የእጅ ዋጋውን፣ የዕቃውን ዓይነትና የሚያስረክብበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ ከተሠራ በኋላም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት ሳትጭኑ፣ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ሳትቆሙ ንዱት፤ አዲሱ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪላመድ ነው።